መጅሊሱ ከቀበሌ ወጣ፤ ቀበሌው ለማን ቀረ?



ስልካችሁን አውጡና «ጌዶ» ብላችሁ ፈልጉ። ቀድሞ የሚመጣላችሁ የሶማሊያው ጌዶ ነው፤ ከእኛና ከኬንያ ጋር የሚዋሰነው። የእኛይቱ ጌዶ ከአምቦ ተነስታችሁ ጉደርን አልፋችሁ ወደ ነቀምቴ ስትጓዙ የምታገኟት፣ የጨሊያ ወረዳ መቀመጫ፣ የፊንጫ መንገድ የሚገነጠልባት ብርዳማ ከተማ ናት። ስለ እሷ የሚገኘው ከአዲስ አበባ ያላት ርቀት፣ የነገ የአየር ሁኔታና ምናልባት አንድ ሁለት ፎቶ ነው። ባለፈው ወር የከተማዋ ምክር ቤት ተሰብስቦ ነበር? ስለ ምን ተነጋገረ? ውሃ በስንት ቀን አንዴ ይመጣል ተባለ? ፕላኑ ላይ የሙስሊሙ የቀብር ቦታ በምን ቀለም ተቀብቶ ተቀምጧል? ይህን የሚመልስ ነገር አታገኙም።

አሁን ደግሞ «ሉድሎ» ብላችሁ ፈልጉ። በእንግሊዝ ምዕራብ፣ ከዌልስ ወሰን አጠገብ ያለች፣ ወደ 10 ሺህ ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ናት። የከተማዋ ምክር ቤት የየስብሰባውን አጀንዳና ቃለ ጉባኤ አውጥቶ አስቀምጦላችኋል። የገበያው ቦታ፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቱ፣ የመቃብሩ ቦታ ሁሉም አለ። አምቦ ዶርም ውስጥ የተቀመጠ ተማሪ ሉድሎ ውስጥ ስለ መጸዳጃ ቤት የተባለውን ማንበብ ይችላል፤ ጌዶ ላይ ስለ ቀብር ቦታ የተባለውን ግን ማንበብ አይችልም። እኛ ይህ አስቂኝ ሳይሆን አሳሳቢ ነው እንላለን። በዚህ እትም የምናነሳውም ይህንኑ ነው።

«ለእኛ ምን አገባን? ተማሪ ነን፤ አራት አምስት ዓመት ቆይተን እንሄዳለን» የሚሉ ወንድሞችና እህቶች እንዳሉ እናውቃለን። ለእነሱ የምናስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሶላታችንን የምንሰግደው ከግቢ ውጭ ነው። ሌላው ተማሪ ሳምንቱን ሙሉ ከግቢ በር ሳይወጣ ሊያሳልፍ ይችላል፤ እኛ ግን በጀመዓ ለመስገድ በቀን ስንት ጊዜ የከተማውን መንገድ እንረግጣለን። በክረምት ጭቃው፣ ለሱብሒና ለዒሻ ጨለማው፣ እህቶቻችን ተሰባስበው ካልሆነ የማይሄዱበት ያ መብራት የሌለው ቅያስ የዩኒቨርሲቲው ጉዳይ አይደለም፤ የቀበሌና የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ነው። የመንገድ መብራት አምፖል የሚገዛው በከተማው በጀት ነው። በጀቱን የሚያጸድቀው ደግሞ ማን እንደሆነ ከመካከላችን የሚያውቅ ስንት ነው?

ከቀበሌ ጋር ያለን ትውውቅ በመታወቂያና በድጋፍ ደብዳቤ ያበቃል። ለዚህ ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ሁሉም ሰው ከቀበሌ ጋር ያለው ትዝታ ጥሩ አይደለም። ለሙስሊሙ ግን ተጨማሪ ምክንያት አለ። መስከረም 27 ቀን 2005 ዓ.ም የመጅሊስ ምርጫ በየቀበሌው ተካሄደ። ያኔ እኛ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን፤ አባቶቻችንና ታላላቆቻችን ግን «ምርጫችን በመስጅዳችን» ብለው የጠየቁበትን ዘመን ቤት ውስጥ ሰምተን ነው ያደግነው። የ«ድምፃችን ይሰማ» ዋነኛ ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር፤ የሃይማኖት መሪን መምረጥ የቀበሌ ሥራ አይደለም የሚል። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው። ነሐሴ 2017 ዓ.ም ምርጫው በየመስጅዱ ሲካሄድ፣ ስለ አፈጻጸሙ ቅሬታ ያለው ሰው ይኑር እንጂ፣ ቢያንስ ስለ ቦታው የሚከራከር አልነበረም። አልሐምዱሊላህ፣ መጅሊሱ ከቀበሌ ወጣ።

ነገር ግን ከዚያ ዘመን ሌላ ልማድም አብሮ መጣ። «ቀበሌ የመጅሊስ ቦታ አይደለም» የሚለው ቃል በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ቀስ ብሎ «ቀበሌ የሙስሊም ቦታ አይደለም» ወደሚል ተለወጠ። ሁለቱ በጣም የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ለሃይማኖት ነፃነት መቆም ነው። ሁለተኛው ግን ውሃን፣ መንገድን፣ ገበያን፣ ቄራን፣ የቀብር ቦታን «የሚመለከተው አካል» ለሚባል ስሙ ለማይታወቅ ሰው ትቶ መሄድ ነው።

በዚያው በ2005 ዓ.ም፣ በሚያዝያ ወር፣ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫም ተካሂዶ ነበር። ከዚያ በፊት በ2000 ዓ.ም በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ በመላ ሀገሪቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ መቀመጫ እንደነበረ ስንቶቻችን እናውቃለን? አንድ የቀበሌ ምክር ቤት 300 አባላት እስኪኖሩት ድረስ ሰፍቶ ነበር። ሁሉም መቀመጫ ማለት ይቻላል በአንድ ወገን የተያዘ ስለነበር ቁጥሩ ብዙ አላስደነቀንም፤ 300 ሰው አንድ ላይ ተሰብስቦ አንድ ዓይነት እጅ የሚያወጣ ከሆነ 3 ሰውም ይበቃል። ቀጣዩ ምርጫ በ2010 ዓ.ም መካሄድ ነበረበት፤ ተራዘመ። በሰኔ 2013 ዓ.ም ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ሲካሄድም የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች አልተመረጡበትም።

«ታዲያ ያልተመረጠ ምክር ቤትን ተከታትለን ምን እናገኛለን?» የሚል ይኖራል። የኛ መልስ ተቃራኒው ነው። መራጭ የሚፈራ ምክር ቤት ባይኖር እንኳን የሚያይ ሰው የሚፈራ ምክር ቤት ይኖራል። በምርጫ የማይጠየቅ አካል ሊጠየቅ የሚችለው በሚያነብበት፣ በሚመዘግብለትና በሚጠይቀው ነዋሪ ብቻ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለእነዚያ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። «በቀጥታ» የሚለውን ቃል ልብ በሉልን። በወኪል ብቻ አይደለም።

ሙስሊሙን በቀጥታ የሚነካውን አንድ ጉዳይ ብቻ እንውሰድ፤ የመስጅድ ቦታን። ስለ መስጅድ ቦታ ሲነሳ ብዙዎቻችን ጉዳዩ አዲስ አበባ፣ ከትልልቅ ሰዎች ጋር የሚያልቅ ይመስለናል። በ2004 ዓ.ም የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ግን ለአምልኮ የሚሆን ቦታ ያለ ጨረታ፣ በምደባ እንዲሰጥ ነው የደነገገው፤ ምደባውን የሚወስነው ደግሞ የክልሉ ወይም የከተማው ካቢኔ ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000ም ፕላን ሲዘጋጅ ነዋሪው እንዲሳተፍበት ይጠይቃል። አንድ መዋቅራዊ ፕላን ከጸደቀ በኋላ ለዓመታት ከተማውን የሚመራው እሱ ነው። በስብሰባው ቀን «ይህ አረንጓዴ የተቀባው ቦታ እኮ አባቶቻችን የተቀበሩበት ነው» ብሎ እጁን የሚያወጣ ሰው ከሌለ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ዶዘር ፊት ቆሞ መጮኽ ነው የሚቀረው።

ዶዘር ያልነው ለማጋነን አይደለም። በ2015 ዓ.ም በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበሩት እነ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሲባሉ፣ አዲሱ አስተዳደር «ሕገወጥ ግንባታ» ባላቸው ላይ በወሰደው እርምጃ መስጅዶችም ፈረሱ። ግንቦት 18 ቀን 2015 ዓ.ም ከጁምዓ ሶላት በኋላ በታላቁ አንዋር መስጅድ የሆነውንና የጠፋውን ሕይወት ማናችንም አንረሳውም። አላህ ይዘንላቸው። እዚህ ላይ ጥፋቱን ወደ ተጎጂው የሚያዞር ጽሑፍ እየጻፍን አይደለም፤ መስጅድ ማፍረስ በምንም ወረቀት አይጸድቅም። የምንለው ሌላ ነው። ተቃውሞው የመጣው ዶዘሩ ከመጣ በኋላ ነው። ዶዘሩ ደግሞ ከመምጣቱ በፊት በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ቃለ ጉባኤ ተጽፎ ነበር። ያንን ቃለ ጉባኤ በጊዜው ማን አነበበው?

ይህ የሙስሊም ብቻ ታሪክ አይደለም። እኛ በምንማርበት ዞን የሚኖር ሁሉ የሚያውቀው ሌላ ታሪክ አለ። በኅዳር 2008 ዓ.ም ጊንጪ ላይ ተቃውሞ የተነሳው ተማሪዎች የሚጫወቱበት ሜዳና የከተማዋ ደን ለባለሀብት ሊሰጥ ነው በሚል ነበር። ከዚያ በፊት በሚያዝያ 2006 ዓ.ም የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን አምቦን አንቀሳቅሶ የሰው ሕይወት አስከፍሏል፤ ፕላኑ የተተወው በጥር 2008 ዓ.ም ነው። ሰዎች ስለዚህ ሲያወሩ ትልቁን ፖለቲካ ብቻ ያወራሉ። እኛ ግን ትንሹን ነገር እናንሳ፤ የጊንጪ ሜዳ ጉዳይ ሲጀመር የአንዲት ትንሽ ከተማ የመሬት ውሳኔ ነበር። በጊዜው ተነግሮ፣ ተጠይቆ፣ ተከራክረውበት ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? አላህ ያውቃል። ነገር ግን ሰው የራሱን ሜዳ ዕጣ በወሬ መስማት እንደሌለበት ማንም ይስማማል።

ወደ እንግሊዝ እንመለስ፤ ሉድሎን ያነሳነው ለመቅናት ብቻ አይደለም። እዚያም በሩ በራሱ አልተከፈተም። እ.ኤ.አ. እስከ 1960 ድረስ ብዙ ምክር ቤቶች ጋዜጠኛን በተለያየ ብልሃት ከስብሰባ ያስወጡ ነበር። በዚያ ዓመት አንዲት ገና ፓርላማ የገባች ሴት የምክር ቤት ስብሰባ ለሕዝብና ለጋዜጠኛ ክፍት እንዲሆን ረቂቅ አቀረበች፤ ሕግም ሆነ። ሴትየዋ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነችው ማርጋሬት ታቸር ናት። (የእሷ ደጋፊ ሆነን አይደለም፤ እውነቱ እንዲህ ስለሆነ ነው።) ዛሬ እዚያ አንድ ሰው ቤት ሊጨምር ወይም መስጅድ ሊሠራ ሲያመለክት ማስታወቂያው በአካባቢው ይለጠፋል፤ ነዋሪው አስተያየት የሚሰጥበት አብዛኛውን ጊዜ 21 ቀን አለው። ማስታወቂያውን ያነበበ ጎረቤት ይቃወማል፤ ያነበበ ሙስሊምም ድጋፉን ይጽፋል። 

ብራድፎርድ የምትባለውን ከተማ ብዙዎቻችሁ በስም ታውቋታላችሁ። የፓኪስታን ሠራተኞች የሱፍ ፋብሪካ ሊሠሩ ገብተው የቀሩባት ናት። እ.ኤ.አ. በ1983 የከተማዋ ምክር ቤት ለትምህርት ቤት ምሳ ሐላል ሥጋ እንዲቀርብ አደረገ። የእንስሳት መብት ተሟጋቾችና ሌሎችም ተቃወሙ፤ ጉዳዩ በ1984 ተመልሶ ለምክር ቤቱ ቀረበ፤ ምክር ቤቱም ውሳኔውን አጸና። በ1985 ደግሞ ሙሐመድ አጂብ የተባሉ የፓኪስታን ተወላጅ የዚያች ከተማ ሎርድ ሜየር ሆኑ፤ በዚያች ሀገር ከእስያ የመጣ ሰው እዚህ ቦታ ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበሩ። ልጆቹ የሚበሉትን ሐላል ሥጋ የወሰነው ፓርላማው አይደለም፤ ንግሥቲቱም አይደለችም። የከተማ ምክር ቤት ነው። ስለ ካፌ ምግብ በየሴሚስተሩ ፊርማ የምናሰባስብ እኛ ይህን በቀላሉ እንረዳዋለን።

ሆኖም እንግሊዝን ጀነት አድርገን ማውራት አንፈልግም። የሚያነብ ሲጠፋ እዚያም ምን እንደሚሆን ግሬንፌል አሳይቷል። ለንደን ውስጥ ኬንሲንግተንና ቼልሲ በሚባለው፣ ሀብታሞች በሚበዙበት አካባቢ የነበረ ባለ 24 ፎቅ የምክር ቤቱ ኪራይ ቤት ነው። የሚኖሩበት አብዛኞቹ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ነበሩ፤ ሞሮኳዊ፣ ሶማሌ፣ ሱዳናዊ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ቤተሰቦችም ጭምር። ሕንፃው ሲታደስ በውጭ የሚለበጠው ሽፋን ወደ 300 ሺህ ፓውንድ ገደማ ለመቆጠብ ሲባል በርካሽ ተለወጠ፤ ርካሹ ደግሞ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነበር። የነዋሪዎች ቡድን ስለ እሳት አደጋ በተደጋጋሚ ጽፏል። ቃጠሎው ከመድረሱ ሰባት ወር ቀደም ብሎ፣ የሚሰማን ሰው ሲሞት ብቻ ነው የሚል መልእክት ያለው ጽሑፍ አውጥተው ነበር። የአካባቢው ጋዜጦች ግን በዚያ ጊዜ ተዳክመው ስለነበር የምክር ቤቱን ስብሰባ የሚከታተል፣ የነዋሪውን ጩኸት ተቀብሎ የሚያስተጋባ ጋዜጠኛ አልነበረም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 ሌሊት እሳቱ ተነሳ። ወሩ ረመዳን ነበር። ለሰሑር ነቅተው የነበሩ ሙስሊሞች የጎረቤቶቻቸውን በር እየደበደቡ ብዙ ሰው ማስወጣታቸው በሰፊው ተነግሯል፤ እንዲያም ሆኖ 72 ሰው አለቀ።

ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ጋዜጠኞች ራሳቸውን የጠየቁት ጥያቄ «ለምን ቀድመን አላወቅንም?» የሚል ነበር። ወረቀቱ ነበር፤ አንባቢ አልነበረም። ስለ ጌዶ ስናስብ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ይህ ነው። ባለ 24 ፎቅ ሕንፃ ጌዶ የለም፤ ነገር ግን የማይነበብ ወረቀት ሞልቷል።

ወረቀቱ የሚለጠፍበትን ቦታ ሁላችንም አልፈነው እናውቃለን። ማዘጋጃ ቤት በር ላይ፣ ቀበሌ ግድግዳ ላይ፣ አንዳንዴም የመብራት ምሰሶ ላይ። ከላይ በትልቁ «ቤክሲሳ» ይላል፤ ማስታወቂያ ማለት ነው። ከጀመዓችን ግማሹ ከወሎ፣ ከስልጤ፣ ከጉራጌ፣ ከሶማሌና ከአፋር የመጣ ስለሆነ በቁቤ የተጻፈውን አያነብም። ሌላው ግማሽ አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ግን ቆሞ አያነብም። እዚህ ላይ አላህ ያደለን ነገር አለ ብለን እናስባለን፤ በአንድ ዶርም ውስጥ የሚያነብና የሚያደምጥ አብረው ተኝተዋል። ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ አንድ ገጽ መመለስ ለአንድ የጅማ ወይም የአርሲ ልጅ የሻይ ሰዓት ሥራ ነው።

ከመካከላችን ሁለት ልጆች አንድ ቀን ወደ አንድ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ሄደው (የከተማውን ስም አንጠቅስም) ስለ መንገድ መብራት የተወሰነበትን ቃለ ጉባኤ ማየት እንችላለን ወይ ብለው ጠየቁ። ጸሐፊዋ በትሕትና አስቀመጠቻቸው። ኃላፊው ሲመጡ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ማን ላካችሁ?» የሚል ነበር። ሁለተኛው «ለምን ፈለጋችሁት?» ሦስተኛ ጥያቄ አልነበረም፤ «ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ» ተብለው ተመለሱ። ልጆቹ ተናደው ነበር፤ እኛ ግን ስንሰማ ብዙም አልገረመንም። ያ ኃላፊ ምናልባት በሥራ ዘመናቸው ቃለ ጉባኤ ልይ ያለ ነዋሪ ገጥሟቸው አያውቅም። በ2000 ዓ.ም የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት እንዳለበት ይደነግጋል። በሕጉ መሠረት «ለምን ፈለጋችሁት?» መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ አይደለም። የሕግ ተማሪ የሆናችሁ ይህን ከእኛ በተሻለ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ገጽ የማመልከቻ ናሙና ብታዘጋጁልን ከአንድ ሰሚናር ይበልጣል።

«ፖለቲካ ውስጥ እየከተታችሁን ነው» የሚል ስጋት እንደሚነሳ እንጠብቃለን። በተለይ በዚህ ዞን፣ መንገዱ ሁልጊዜ ሰላም ባልሆነበት ጊዜ፣ ስጋቱን አንንቀውም። ለዚህም ነው ልዩነቱን በግልጽ የምናስቀምጠው። ማን ይግዛ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ የውሃ ፈረቃው ማክሰኞ ነው ወይስ ሐሙስ የሚለው ሌላ ነው። የኛ ነገር ሁለተኛው ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ መስጅድ ሠሩ፤ ለሙስሊሙም የራሱን ገበያ አቋቋሙ፤ ከከተማዋ ነዋሪዎች ጋርም እንዴት አብረው እንደሚኖሩ በሰነድ ተዋዋሉ። ውሃ በዋጋ ይሸጥበት የነበረውን የሩማን ጉድጓድ ዑስማን (ረ.ዐ) ገዝተው ለሁሉም ክፍት አደረጉት። ገበያና ውሃ ያኔ የዲን ሰዎች ጉዳይ ከነበሩ ዛሬ «ዱንያ ነው» ብለን የምንተዋቸው ለምንድን ነው?

ሌላው የሚነሳው «እዚህ ጥቂት ነን፤ ዝም ብንል ይሻላል» የሚለው ነው። በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ሙስሊሙ ጥቂት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ጌዶ ላይ ውሃ ሲጠፋ የሚጠፋው ከሙስሊም ቤት ብቻ አይደለም። ገበያው ሲዛወር ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ሙስሊሙም ጉልቱን ጠቅልሎ ይነሳል። የቀብር ቦታ ሲጠብ ሁሉም ይጠበዋል። ለብቻ ስንጮኽ ጥቂት የሆንነው ሰዎች ስለ ቧንቧ ስንጠይቅ ጎረቤቱ ሁሉ ከኋላችን ይቆማል። እንደ እውነቱ ከሆነ ከቤተክርስቲያን ሰበካ ጉባኤና ከእድር ዳኞች የምንማረው ብዙ ነው፤ የእነሱ ሽማግሌዎች ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ወረፋ ሲጠብቁ የእኛዎቹ ሱቅ ውስጥ ናቸው። ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ለስብሰባ መሄድ ይከብደዋል፤ እንረዳለን። ለዚህም ነው ይህ ሥራ ሱቅ የሌለው ተማሪ ሥራ ነው የምንለው።

ስለዚህ ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ የዚህ ጋዜጣ የመጨረሻ ግማሽ ገጽ «ቤክሲሳ» ተብሎ ይሰየማል። ዳዕዋውም፣ የፈተና ምክሩም፣ የተመራቂዎች ገጹም አይቀነስም፤ የምትቀነሰው ማንም የማይሞላት የእንቆቅልሽ ዓምድ ናት። በዚህ ግማሽ ገጽ የሚወጣው በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶና በባኮ የተለጠፈ የምክር ቤት፣ የማዘጋጃ ቤት ወይም የቀበሌ ማስታወቂያ በአማርኛ ተመልሶ ነው። የስብሰባ ቀን፣ የፕላን ውይይት፣ የቦታ ምደባ፣ የውሃና የመብራት ጉዳይ፣ የገበያና የቄራ ጉዳይ። አስተያየት አንጨምርበትም። የፖለቲካ ፓርቲ ስም አይገባበትም።

አንድ ነገር ላይ ግን ጥብቅ እንሆናለን። «ሰማሁ» ተቀባይነት የለውም። ወሬ ይዞ የመጣን ሰው አጣርታችሁ እንድትቀበሉ በሱረቱል ሑጁራት ታዘናል፤ በዚህ አካባቢ ደግሞ ያልተጣራ ወሬ ምን እንደሚያደርስ ሁላችንም አይተናል። ማህተም ያለው፣ ቀን ያለው፣ በዓይን የታየ ወረቀት ብቻ ነው የሚታተመው። ስብሰባ ላይ የተገኘ ተማሪ ካለም የተባለውን እንጂ የመሰለውን አይጽፍም። የግለሰብ ስምና የቤት ቁጥር ካለበት ይሰረዛል።

ኢማሞቻችንንም አንድ ነገር እንጠይቃለን። ጁምዓ ከተሰገደ በኋላ የጠፋ ቁልፍና ለመስጅድ ጣሪያ የሚሰበሰብ ገንዘብ እንደሚነገረው ሁሉ፣ በሳምንቱ ውስጥ ስብሰባ ካለ ቀኑና ቦታው በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢነገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ለእህቶቻችንም ማስታወቂያው እንዲደርስ ወረቀቱ በሴቶች መግቢያ በኩልም ይለጠፍ፤ ውሃ በሚጠፋበት ቀን ጀሪካን ይዞ የሚሰለፈው በአብዛኛው ማን እንደሆነ የታወቀ ነውና።

ለሴሚስተር እረፍት ወደ ቤት የምትሄዱ የጌዶ፣ የባቢች፣ የኢጃጂና የባኮ ልጆች፣ ከእናንተ የምንፈልገው በማዘጋጃ ቤታችሁ ሰሌዳ ላይ ያለውን ፎቶ አንስታችሁ ማምጣት ብቻ ነው። ቀኑና ማህተሙ ይታይ። ሰሌዳው ባዶ ከሆነም ባዶውን አንሱት፤ እሱንም እናትመዋለን። ለሚቀጥለው እትም የሚሆነውን ከዒሻ ሶላት በኋላ መስጅድ በር ላይ ለአዘጋጆቹ መስጠት ትችላላችሁ፤ ለትርጉም የፈቀዱ ሦስት ወንድሞችና ሁለት እህቶች አሉን፤ አራተኛ ወንድምና ሦስተኛ እህት እንፈልጋለን።